የፍራንቻይዝ ውልና የአሠሪ ኃላፊነት፦ የመካስ ስምምነት የሠራተኛውን መብት ያስቀራልን?

መግቢያ

ከባሕር ዳር ተነሥቶ በወረታ በኩል ወደ ወልዲያ የሚዘልቀው የአስፋልት መንገድ የደቡብ ጎንደር ዞን መቀመጫ የሆነችውን ደብረ ታቦር ከተማን አቋርጦ ያልፋል። በመንገዱ ግራና ቀኝ ከሚገኙት የንግድ ቤቶች መካከል በበራቸው ላይ የሚነበበው ስም የባለቤታቸው ስም ያልሆነ ጥቂት አይደሉም። የነዳጅ ማደያው የአንድ ታዋቂ አከፋፋይ ኩባንያን ቀለምና ምልክት ይዟል። በየሱቁ የሚሸጠው ለስላሳ መጠጥ የውጭ አገር ኩባንያ ስም ተጽፎበት በአገር ውስጥ ፋብሪካ የተሞላ ነው። በጉና ተራራ ዙሪያ ካሉ የገጠር ቀበሌዎች ወደ ከተማዋ መጥቶ ከእንዲህ ዓይነቱ የንግድ ቤት የሚቀጠር ወጣት በየዕለቱ የሚያየው ትልቁን ስም ነው። ደመወዙን የሚከፍለው ግን ብዙውን ጊዜ ሌላ ሰው ነው።

ሥራው በሰላም እስከቀጠለ ድረስ ይህ ልዩነት ጥያቄ አያስነሣም። ጥያቄው የሚነሣው ሠራተኛው በሥራ ላይ ሲጎዳ፣ ደመወዙ ሲቀርበት ወይም የንግድ ቤቱ በድንገት ሲዘጋ ነው። ያን ጊዜ ተጠያቂው ባለ ስሙ ኩባንያ ነው ወይስ ስሙን ተቀብሎ የሚሠራው ነጋዴ? በሁለቱ መካከል የተፈረመው የመካስ ስምምነትስ ሠራተኛውን ይመለከተዋልን? ይህ ጽሑፍ በሥራ ላይ ያሉትን የኢትዮጵያ ሕጎች መሠረት በማድረግ ለእነዚህ ጥያቄዎች ምላሽ ይሰጣል።

1. የፍራንቻይዝ ውል ምንነት

ፍራንቻይዝ አንድ የንግድ ድርጅት በንግድ ስሙ፣ በንግድ ምልክቱና በአሠራር ዘዴው ሌላ ነጋዴ እንዲጠቀም ክፍያ እየተቀበለ የሚፈቅድበት ውል ነው። ስሙንና አሠራሩን የሚሰጠው ወገን “ሰጪ”፣ የሚቀበለው ወገን ደግሞ “ተቀባይ” ሊባል ይችላል። የውሉ ዋና ጠባይ ሁለቱ ወገኖች በሕግ ፊት የተለያዩ ነጋዴዎች ሆነው መቀጠላቸው ነው። ተቀባዩ የራሱ የንግድ ምዝገባ፣ የራሱ ፈቃድና የራሱ የግብር ከፋይ መለያ ቁጥር ይኖረዋል። ትርፉም ኪሳራውም የራሱ ነው።

በአገራችን የንግድ ምዝገባና ፈቃድ አዋጅ ቁጥር 980/2008 ፍራንቻይዝን በስሙ ጠቅሶ ምዝገባውን የሚመለከት ድንጋጌ ይዟል። የንግድ ምልክት አጠቃቀም ፈቃድ ደግሞ በንግድ ምልክት ምዝገባና ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 501/1998 ይገዛል። በተግባር በኩል ከሚጠቀሱት ምሳሌዎች አንዱ በ2010 ዓ.ም. በአዲስ አበባ በአገር ውስጥ ተቀባይ ኩባንያ አማካይነት ሥራ የጀመረው ፒዛ ሃት ነው። ለደብረ ታቦር ቅርብ የሆነው ምሳሌ ደግሞ የለስላሳ መጠጥ ምርት ነው። ሞሐ የለስላሳ መጠጦች ኩባንያ በጎንደር ፋብሪካው የፔፕሲን ምርቶች የሚሞላው የምልክቱ ባለቤት በሰጠው ፈቃድ ነው። በጠርሙሱ ላይ ያለው ስም የፔፕሲ ቢሆንም የፋብሪካው ሠራተኞች አሠሪ ሞሐ ነው።

በነዳጅ ማደያዎችና በአንዳንድ የወኪልነት ሥራዎች የሚፈረሙት ውሎች በጠባቡ ትርጉም ፍራንቻይዝ አይባሉ ይሆናል። ይሁን እንጂ በሌላው ስም የሚሠራ ራሱን የቻለ ነጋዴ የሚገኝባቸው በመሆኑ ስለ ሠራተኞች የሚነሣው ጥያቄ ተመሳሳይ ነው።

2. በሕግ ፊት አሠሪው ማን ነው?

የአሠሪና ሠራተኛ ጉዳይ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 አሠሪን የሚለየው በበር ላይ በተሰቀለው ስም አይደለም። በአዋጁ አንቀጽ 4 መሠረት የሥራ ውል የሚመሠረተው አንድ ሰው ደመወዝ እየተከፈለው በአሠሪው መሪነት ለመሥራት ሲስማማ ነው። በመሆኑም የሚጠየቁት ጥያቄዎች የሚከተሉት ናቸው። ሠራተኛውን የቀጠረው ማን ነው? ደመወዝ የሚከፍለው ማን ነው? የሥራ ሰዓቱን የሚወስነው፣ ፈቃድ የሚሰጠው፣ የሚቀጣውና የሚያሰናብተው ማን ነው? በተለመደው የፍራንቻይዝ አሠራር የእነዚህ ሁሉ መልስ ተቀባዩ ነው። ስለዚህ አሠሪው ተቀባዩ ነው ማለት ነው።

ጉዳዩ የሚወሳሰበው ሰጪው በተቀባዩ የውስጥ አሠራር ውስጥ እጁን ሲያስገባ ነው። ሰጪው የስሙን ክብር ለመጠበቅ የምርቱን ጥራት፣ የደንብ ልብሱን ቀለም፣ የቤቱን አደረጃጀትና የመስተንግዶውን ሥርዓት መቆጣጠሩ የሚጠበቅ ነው። ይህ ብቻውን አሠሪ አያደርገውም። ነገር ግን ሰጪው ማን እንደሚቀጠር የሚመርጥ፣ ደመወዝ የሚተምን፣ በየቀኑ ሠራተኞችን በተቆጣጣሪው አማካይነት የሚያዝና የሚያሰናብት ከሆነ በውሉ ላይ “ሰጪው አሠሪ አይደለም” ተብሎ መጻፉ ብቻውን ከክርክር አያድነውም። የሥራ ግንኙነት መኖር አለመኖሩ የሚለካው በሕጉ መስፈርትና በተጨባጭ በሚሠራው ነገር ነውና።

የሥራ ውል የተለየ አቀራረጽ አያስፈልገውም። በጽሑፍ ያልተደረገ የሥራ ውልም የጸና ነው። ይሁን እንጂ በጽሑፍ ያልቀጠረ አሠሪ ውሉ ከተደረገበት ቀን አንሥቶ በ15 ቀናት ውስጥ የውሉን ዋና ዋና ነጥቦች የያዘ የተፈረመ ጽሑፍ ለሠራተኛው መስጠት እንዳለበት አዋጁ ይደነግጋል። ሁለት ስም በሚገኝበት የንግድ ቤት ውስጥ ይህ ጽሑፍ ልዩ ጠቀሜታ አለው፤ አሠሪው ማን እንደሆነ በግልጽ ያሳያልና።

3. አሠሪ መሆን የሚያስከትላቸው ኃላፊነቶች

በታዋቂ ስም ለመሥራት ውል የሚፈርም ነጋዴ ብዙውን ጊዜ የሚያሰላው ለስሙ የሚከፍለውን ገንዘብ፣ የቤት ኪራዩንና የዕቃውን ዋጋ ነው። በአሠሪነቱ የሚመጣበትን ኃላፊነት ግን ሳያስበው ይቀራል። ከእነዚህ ኃላፊነቶች ዋና ዋናዎቹ የሚከተሉት ናቸው።

ሀ) የሥራ ሁኔታ። መደበኛ የሥራ ሰዓት በቀን ከ8፣ በሳምንት ከ48 ሰዓት መብለጥ የለበትም። ሠራተኛው ለመጀመሪያው የአገልግሎት ዓመት 16 የሥራ ቀናት የዓመት ፈቃድ ያገኛል።

ለ) የጡረታ መዋጮ። በግል ድርጅት ሠራተኞች ጡረታ አዋጅ ቁጥር 1268/2014 መሠረት አሠሪው የደመወዙን 11 በመቶ፣ ሠራተኛው 7 በመቶ ያዋጣሉ። ለምሳሌ 4,000 ብር ደመወዝ ላለው ሠራተኛ አሠሪው ከራሱ 440 ብር፣ ከሠራተኛው ደመወዝ ቀንሶ 280 ብር፣ በድምሩ 720 ብር በየወሩ ገቢ ያደርጋል።

ሐ) በሥራ ላይ የሚደርስ ጉዳት። በአዋጅ ቁጥር 1156/2011 አንቀጽ 96 መሠረት አሠሪው ጥፋት ባይኖርበትም እንኳ ሠራተኛው በሥራ ላይ ለሚደርስበት ጉዳት ኃላፊ ነው። ሠራተኛው ሆን ብሎ በራሱ ላይ ያደረሰው ጉዳት ግን አሠሪውን ኃላፊ አያደርገውም።

ይህን ድንጋጌ በምሳሌ መመልከት ይቻላል። አንድ የደብረ ታቦር ነዋሪ ከአዲስ አበባ የቡና ድርጅት ጋር ተዋውሎ በድርጅቱ ስም ቡና ቤት ከፈተ እንበል። በወር 4,000 ብር የምትከፈል ሠራተኛው በቡና ማሽን እንፋሎት እጇ ተቃጥሎ ለ8 ወራት ከሥራ ውጭ ሆነች። ከሕክምና ወጪው በተጨማሪ አሠሪው ለመጀመሪያዎቹ ሦስት ወራት ሙሉ ደመወዟን፣ ለቀጣዮቹ ሦስት ወራት ከ75 በመቶ ያላነሰ፣ ከዚያ በኋላ ላሉት ወራት ከ50 በመቶ ያላነሰ ይከፍላታል። ስሌቱ 12,000፣ 9,000 እና 4,000 ብር፣ በድምሩ 25,000 ብር ይሆናል። ጉዳቱ ሙሉ ዘላቂ የአካል ጉዳት ቢሆንና ሠራተኛዋ በጡረታ ዐቅድ ያልታቀፈች ብትሆን ደግሞ የሚከፈለው የዓመት ደመወዟ በአምስት ተባዝቶ 240,000 ብር ይደርሳል። ይህ ለአንድ አነስተኛ ቡና ቤት ከዓመት ትርፍ በላይ ሊሆን የሚችል ገንዘብ ነው።

4. የመካስ ስምምነት ምን ያደርጋል፣ ምን አያደርግም?

ከላይ የተገለጹትን ኃላፊነቶች በማሰብ ሰጪዎች በሚያዘጋጁት ውል ውስጥ አብዛኛውን ጊዜ አንድ አንቀጽ ይካተታል። ይዘቱም “ከሠራተኞች ጋር በተያያዘ በሰጪው ላይ ለሚቀርብ ማናቸውም ክስ፣ ወጪና ካሳ ተቀባዩ ሰጪውን ይክሳል” የሚል ነው። የመካስ ስምምነት የሚባለው ይህ ነው። በአጭሩ አንደኛው ወገን ሌላው ለሦስተኛ ሰው የከፈለውን ገንዘብ ለመተካት የሚገባው ግዴታ ነው።

የዚህ ስምምነት ኃይል የሚመነጨው ከፍትሐ ብሔር ሕጉ አንቀጽ 1731 ነው። በሕግ አግባብ የተቋቋመ ውል በተዋዋዮቹ መካከል ሕግ ነው። ስለዚህ ተቀባዩ ከፈረመ በኋላ “አላነበብሁትም” ብሎ ከግዴታው ሊወጣ አይችልም። የስምምነቱ ወሰን የተቀመጠው ደግሞ በአንቀጽ 1952 ነው። ሕግ በተለየ ሁኔታ ካልደነገገ በስተቀር ውል ውጤት የሚኖረው በተዋዋዮቹ መካከል ብቻ ነው። ሠራተኛው ውሉን አልፈረመም። ስለዚህ ውሉ መብቱን ሊቀንስበት አይችልም።

በቡና ቤቱ ምሳሌ፣ በውሉ ላይ “ለሠራተኞች ጉዳት ሰጪው ይክሳል” ተብሎ ተጽፎ ቢሆን እንኳ ተቀባዩ ለተጎዳችው ሠራተኛ “አዲስ አበባ ሄደሽ ድርጅቱን ጠይቂ” ሊላት አይችልም። አሠሪዋ እርሱ ነውና ይከፍላታል። ከዚያ በኋላ በስምምነቱ መሠረት ሰጪው እንዲተካለት ይጠይቃል። በተቃራኒውም ሰጪው ራሱ በተግባር አሠሪ ሆኖ ከተገኘ “ተቀባዩ ሊክሰኝ ተስማምቷል” ማለቱ በሠራተኛዋ ላይ መከላከያ አይሆነውም። የመካስ ስምምነት ዕዳው በመጨረሻ በማን ኪስ ላይ እንደሚያርፍ ይወስናል እንጂ ሠራተኛው ማንን የመጠየቅ መብት እንዳለው አይወስንም።

የክርክር ሥርዓቱም ይህንኑ የሚያንጸባርቅ ነው። በ1958 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሥነ ሥርዓት ሕግ አንቀጽ 43 ተከሳሹ ካሳ ሊተካልኝ ወይም ድርሻውን ሊከፍል ይገባል የሚለውን ሦስተኛ ወገን ወደ ክርክሩ እንዲገባ ማመልከት እንደሚችል ይደነግጋል። በመሆኑም የመካስ መብት ያለው ወገን ሌላ መዝገብ እስኪከፈት ሳይጠብቅ ክስ እንደቀረበበት ለችሎቱ ማመልከት ይችላል።

ሌላው ሊታሰብበት የሚገባው ጉዳይ የስምምነቱ ዋጋ ከሰጪው ሰው አቅም እንደማይበልጥ ነው። ባለ ስሙ ድርጅት በወረቀት ላይ ሙሉ የመካስ ግዴታ ቢያስገባም፣ ተቀባዩ ያለው ጥሪት አንድ የተከራየው ቤትና ጥቂት ዕቃ ብቻ ከሆነ በፍርድ ቤት ቢረታም የሚያገኘው ነገር አይኖርም። በዚህ ምክንያት ለሁለቱም ወገን የሚበጀው የሠራተኞች ጉዳት መድን በተቀባዩ ስም መግባትና ይህንንም በውሉ ውስጥ ማስፈር ነው።

5. በደንበኞችና በሌሎች ሰዎች ላይ የሚደርስ ጉዳት

የአሠሪ ኃላፊነት ለሠራተኛው በሚከፈለው ብቻ አያበቃም። በፍትሐ ብሔር ሕጉ አንቀጽ 2130 መሠረት ሠራተኛው ሥራውን ሲሠራ በሌላ ሰው ላይ ለሚያደርሰው ጉዳት አሠሪው ኃላፊ ነው። በማደያ ውስጥ ነዳጅ ቀጂው ባደረገው ቸልተኝነት የደንበኛ ተሽከርካሪ ቢቃጠል ካሳ የሚጠየቀው ቀጂውን የቀጠረው ነጋዴ ነው።

ባለ ስሙ ኩባንያ በዚህ ጊዜ አብዛኛውን ጊዜ የሚያነሣው መከራከሪያ በአንቀጽ 2134 ላይ የተመሠረተ ነው። ይህ ድንጋጌ አንድ ሰው በእርሱ ሥልጣን ሥር ላልሆነና ነጻነቱን ጠብቆ ለሚሠራ ሰው ጥፋት ኃላፊ እንደማይሆን ይገልጻል። መከራከሪያው የሚያስኬደው ግን ተቀባዩ በእውነት ራሱን ችሎ የሚሠራ ሲሆን ነው። ከዚህም ሌላ ኩባንያው ራሱ ጥፋት ከፈጸመ፣ ለምሳሌ ብልሽቱን እያወቀ የነዳጅ መቅጃውን ሳያስጠግን ከተወ፣ በአንቀጽ 2028 መሠረት በራሱ ጥፋት ይጠየቃል። ለአንድ ጉዳት ብዙ ሰዎች ኃላፊ የሆኑ እንደሆነ አንቀጽ 2155 በአንድነት ኃላፊ ያደርጋቸዋል። ተጎጂው ከአንዱ ሙሉውን መጠየቅ ይችላል፤ ክፍፍሉ የእነርሱ የውስጥ ጉዳይ ነው። የመካስ ስምምነት ጠቃሚ ሆኖ የሚገኘውም በዚህ ክፍፍል ጊዜ ነው።

6. ውሉ ሲቋረጥ የሠራተኞች ዕጣ

የፍራንቻይዝ ውል የጊዜ ገደብ አለው። ሰጪው ውሉን ሊያቋርጥ ወይም ሊያድስ ፈቃደኛ ላይሆን ይችላል። ምልክቱ ከበር ላይ ሲወርድ የሠራተኞቹ የሥራ ውል አብሮ አይወርድም። የሥራ ውሉ ከፍራንቻይዙ ውል የተለየ ነውና።

ተቀባዩ ድርጅቱን ለዘለቄታው ከዘጋ መብቱ ላላቸው ሠራተኞች የሥራ ስንብት ክፍያ መክፈል ይጠበቅበታል። ክፍያው ለመጀመሪያው የአገልግሎት ዓመት የ30 ቀን ደመወዝ ሲሆን፣ ለተጨማሪው ለእያንዳንዱ ዓመት የዚህ አንድ ሦስተኛ ይታከልበታል፤ ጠቅላላው ከ12 ወር ደመወዝ አይበልጥም። በወር 4,500 ብር እየተከፈለው 4 ዓመት ያገለገለ ሠራተኛ ለመጀመሪያው ዓመት 4,500 ብር፣ ለቀሪዎቹ ሦስት ዓመታት 1,500 ብር በየዓመቱ፣ በድምሩ ቢያንስ 9,000 ብር ያገኛል።

ድርጅቱ ሳይዘጋ ለሌላ ተቀባይ ወይም ለራሱ ለሰጪው የተላለፈ እንደሆነ ደግሞ ሁኔታው የተለየ ነው። በአዋጅ ቁጥር 1156/2011 አንቀጽ 23 መሠረት የድርጅት ባለቤትነት መተላለፍ የሥራ ውልን አያቋርጥም። ስለዚህ አዲሱ ባለቤት “የቀድሞውን ሠራተኛ አላውቅም” ሊል አይችልም። ድርጅቱን የሚረከብ ነጋዴ ያልተከፈለ ደመወዝ፣ ያልተወሰደ ፈቃድና የአገልግሎት ዘመን መኖሩን አስቀድሞ ማጣራት አለበት። የመካስ ስምምነት አግባብ ያለው ጥቅም ከሚሰጥባቸው ጊዜያት አንዱም ይህ ነው። የቀድሞው ባለቤት እስከ ርክክቡ ቀን ላለው ዕዳ አዲሱን እንዲክስ መስማማት ይቻላል።

7. የሌሎች አገሮች ተሞክሮ

ጥያቄው በኢትዮጵያ ብቻ የተነሣ አይደለም። አውስትራሊያ እ.ኤ.አ. በ2017 ባወጣችው ሕግ ሰጪው በተቀባዩ ዘንድ የሠራተኞች መብት እንደሚጣስ እያወቀ ወይም ማወቅ ሲገባው ተገቢውን እርምጃ ካልወሰደ ተጠያቂ እንዲሆን ደንግጋለች። በአሜሪካ ደግሞ የብሔራዊ የሥራ ግንኙነት ቦርድ እ.ኤ.አ. በ2023 የ“ጋራ አሠሪ”ን ትርጉም የሚያሰፋ ደንብ ቢያወጣም፣ በመጋቢት 2024 አንድ የፌዴራል ፍርድ ቤት ደንቡን ሽሮታል። ከሁለቱም የሚታየው ክርክሩ የሚያጠነጥነው ሠራተኛውን በተግባር የሚቆጣጠረው ማን ነው በሚለው ጭብጥ ላይ መሆኑን ነው።

8. ሊወሰዱ የሚገባቸው ጥንቃቄዎች

“ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል” እንዲሉ፣ በጥድፊያ የተፈረመ ውል የሚያስከትለው ዕዳ ከባድ ነው። በመሆኑም ውል ለመፈረም ያሰበ ነጋዴ፦

• የመካስ አንቀጹ “ማናቸውም ክስ” በሚል ጥቅል አነጋገር የተጻፈ መሆን አለመሆኑን ይመልከት፤ ሰጪው በራሱ ጥፋት ለሚያመጣው ዕዳ ተቀባዩ እንዳይክስ በግልጽ ይጻፍ፤
• ግዴታው የሁለትዮሽ እንዲሆን፣ ማለትም በሰጪው መሣሪያ፣ ግብዓት ወይም ትእዛዝ ምክንያት ለሚደርስ ጉዳት ሰጪው እንዲክስ ይደራደር፤
• የገንዘብ ጣሪያ፣ ክሱን የማሳወቂያ ጊዜና ክርክሩን የሚመራው ወገን ማን እንደሆነ ይወሰን፤
• ሠራተኞቹን በጽሑፍ ይቅጠር፤ ጡረታ ያስመዝግብ፤ የጉዳት መድን ይግባ።

ሠራተኛው በበኩሉ የቀጠረውን ሰው ወይም ድርጅት ሙሉ ስም የያዘ የሥራ ውል መጠየቅና የደመወዝ መቀበያ ማስረጃዎችን መያዝ ይኖርበታል። ጉዳት ሲደርስበትም ሳይዘገይ ለአሠሪው ማሳወቅና የሕክምና ማስረጃውን መጠበቅ ይገባዋል። የይርጋ ጊዜው አጭር መሆኑንም ማስተዋል ያሻል። ወደ ሥራ ለመመለስ የሚቀርብ ክስ በ3 ወር፣ የደመወዝና የትርፍ ሰዓት ጥያቄ በ6 ወር ይታገዳል። በሁለቱ ስሞች መካከል እየተመላለሱ ጊዜ ማጥፋት መብትን ሊያሳጣ ይችላል።

በደቡብ ጎንደር የሚገኝ ሠራተኛ ወይም አሠሪ ስለ ሥራ ሁኔታ በየደረጃው ላሉት የሥራና ሥልጠና ጽሕፈት ቤቶች ጥያቄውንና አቤቱታውን ሊያቀርብ ይችላል። የግል የሥራ ክርክር የሚታየው ደግሞ በክልሉ የመጀመሪያ ደረጃ ፍርድ ቤት የሥራ ክርክር ችሎት ነው።

ማጠቃለያ

በሌላው ስም መነገድ ሕጋዊና ለአካባቢው የሥራ ዕድል የሚፈጥር አሠራር ነው። ይሁንና ስሙን የተቀበለ ነጋዴ ከስሙ ጋር የአሠሪነት ኃላፊነትንም እንደተቀበለ ሊረዳ ይገባል። ስሙን የሰጠ ድርጅትም የሠራተኞችን የዕለት ሥራ እያዘዘ ከኃላፊነት ነጻ ለመሆን የውሉን ወረቀት ብቻ መተማመኛ ሊያደርግ አይችልም። የመካስ ስምምነት ዕዳን በሁለቱ ነጋዴዎች መካከል ያከፋፍላል፤ የሠራተኛውን መብት ግን አያስቀርም።

ይህ ጽሑፍ ለጠቅላላ ግንዛቤ የተዘጋጀ እንደመሆኑ በተለየ ጉዳይ ላይ ከሕግ ባለሙያ ለሚገኝ ምክር ምትክ አይሆንም።